ጣት የሚይዝ ቆዳ

«ተልጦ ሲመለስብን ሁለተኛ ጊዜ ነው እኮ፣ ወንድም ጋሼ! ሁለተኛ!»

«ቀለሙ ነው አልኩሽ። ነጋዴው ውሃ የቀላቀለበትን ሸጦልን ነው።»

«እኔም የምቀባው ያንኑ ቀለም ነው። የኔ ለምን አይላጥም?»

«ዛሬ ነገር ፈልገሽኛል፣ ሚጣ።»

በመካከላቸው የጥርስ ሐኪሟ ሶፋ ቆሟል፤ ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ፣ ቡናማ፣ በበሽተኞች መጠበቂያ ክፍል ዕድሜውን የፈጀ። በቅርቡ ከዚሁ ወርክሾፕ አዲስ መስሎ ወጥቶ ነበር። አሁን ራስ የሚደገፍበት ቦታ ፀሐይ እንዳቃጠለው ትከሻ ተልጦ፣ ከሥር አሮጌው ስንጥቅ አፉን ከፍቷል። ሐኪሟ ራሷ ሶፋውን ከጫነው መኪና ጋር መጥታ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች።

«በሽተኞቼ ሶፋዬን ልብሳቸው ላይ ለጥፈው እየወሰዱብኝ ነው» አለች። «እንዲህ ከቀጠለ እንጨቱ ብቻ ነው የሚቀረኝ።»

«መርፌዎን ሲያዩ ስለሚያልባቸው ነው፣ ዶክተር» አለ ወንድምየው።

ሐኪሟ ሳቀች። እህቱ አልሳቀችም።

ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ገና ሕፃን ነበረች፤ እዚሁ የቆዳ ቁርጥራጭ ላይ እያስተኛ አሳደጋት። መጀመሪያ ያስተማራትም ቅባት ማስለቀቅ ነበር። ሰው የሚደገፍበት ቆዳ የፀጉር ቅባትና ላብ ይጠጣል። ያ በአልኮል ተጠርጎ ካልወጣ፣ ስንጥቁን ቢሞሉት፣ ቀለም ቢደራርቡበት፣ ድካሙ ከንቱ ነው። ቅባቱ ማለቁን የሚያውቀው ጣት ነው፤ ቅባት ያለበት ቆዳ ጣትን ያንሸራትታል፣ የጠራው ይይዛል። «ዓይን ይዋሻል፤ ጣትሽን ጠይቂ» ይላት ነበር። እሱ ጓንት አድርጎ አያውቅም። ጓንት ያጠለቀ ሰው ምን ሊሰማው ነው እያለ ይስቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት የጋለ ካውያ ነክቶ እጁን ያነሳው ግን አቃጥሎት ሳይሆን የገዛ ጣቱ መቃጠል ሸቶት ነው። እሷ አይታው ነበር።

ወደ ጓዳ ገብታ ሁለት ቁራጭ ቆዳ ይዛ ወጣች።

«ዓይንህን ጨፍን።»

«ልጅ አደረግሽኝ እንዴ?»

«በእናታችን ጨፍን። አንዱ አልኮል ነክቶታል። የቱ ነው?»

እያጉረመረመ ጨፈነ። አንዱን ዳሰሰ፣ ሌላውን ዳሰሰ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰ። እሷ ጣቶቹን ትከታተላለች። ሁለቱም አልኮል የሚባል ነክቷቸው አያውቅም፤ ከአንድ አሮጌ ወንበር ራስጌ የተቀደዱ ናቸው። ሁለቱንም ፊቷ ላይ ወርውሮ «ከማን ጋር ነው የምትቀልጂው!» እንዲላት ነበር የፈለገችው።

«ይሄ!» አለ፤ በቀኝ እጁ ያለውን ከፍ አድርጎ። «አንቺን ይንሳኝ፣ እንዴት እንደሚይዝ!» ዓይኑን ገለጠ። «ተሳሳትኩ?»

ቀና ብላ አየችው።

«ልክ ነህ፣ ወንድም ጋሼ።»

«ታዲያ ቀለሙ ነው አላልኩሽም?»

«ቀለሙ ነው» አለች። «ይሄን ለኔ ተወው። አንተ ትንሽ እረፍ።»

ጀርባዋን ሰጥታ የሶፋውን ልጣጭ መፋቅ ጀመረች። እሱ ግን ፊቱ በርቶ ነበር፤ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አልኮል ነክሮ ወደ ሐኪሟ ዞረ።

«እስቲ ይመልከቱ፣ ዶክተር። የጠራ ቆዳ ጨርቅ አያቆሽሽም።»

የመረጠውን ቁራጭ አንድ ጊዜ ጠረገው። ጨርቁ እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ጨርቁን ገልብጦ ሌላኛውን ቁራጭ ጠረገ። ያም ጠቆረ። የእህቱን ጀርባ አየ፤ ቀና አላለችም። ጨርቁን ቆሻሻውን ወደ ውስጥ አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ይመልከቱ ቢላትም ሐኪሟ ይህን አላየችም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የቀለም ናሙናዎች እያማረጠች ነበር።

«አሁን ቀላ ቢል ምን ይመስልሻል?»

«ቀላ ያለው ክፍሉን ያሞቀዋል» አለች እህቱ፣ ከሶፋው ሳትዞር። «ግን መጋረጃዎ ምን ዓይነት ነው?»

«አረንጓዴ። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ።»

ወንድምየው የሥራ ካፖርቱን አውልቆ ሰቀለ። ኮቱን ለበሰ፤ ቁልፎቹን ለመቆለፍ ጥቂት ታግሎ ተዋቸው። በሩ ላይ ሐኪሟ እግሯን ሰብስባ አሳለፈችው፤ ስለ መጋረጃዋ የጀመረችውን ወሬ ግን አላቋረጠችም።