ሻንጣውን ይዤ ወደ ላይ

ጉዴን ልንገራችሁ፣ ግን አትሳቁብኝ። ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ በአክስቴ ፔንሲዮን ውስጥ አንሶላ ስተኩስ ነው የከረምኩት፤ ከእንፋሎቱ ብዛት ፊቴ ራሱ የተቀቀለ ድንች መስሏል። ሪሴፕሽን የምትሠራው ልጅ ልታገባ ስለሆነ ቦታዋን ልትለቅ ነው። እኔ ደግሞ ያቺ የምትሽከረከር ወንበሯ በህልሜ ሁሉ ትመጣለች። አክስቴ፣ ከፈረንጅ ጋር በደንብ ስታወሪ ካየሁሽ ወንበሯ ያንቺ ናት አለችኝ።

በቃ፣ ሳምንቱን ሙሉ ከካውያው ጋር እንግሊዝኛ ሳወራ ሰነበትኩ። መቼ ደረሽ ለማለት ሃቭ ነው ዲድ? ዲድ ነው፤ "ዌን ዲድ ዩ አራይቭ"። ስንት ቀን ትቆያለሽ ደግሞ "ሀው ሎንግ አር ዩ ስቴይንግ"። መንገድ እንዴት ነበር የሚለውን እኔ ጉደኛዋ "ሀው ዲድ ዩ ፓስ ዘ ሮድ" ነበር የምለው፤ "ሀው ወዝ ዩር ትሪፕ" ነው ለካ። አንድ የትራስ ልብስ አቃጥዬም ቢሆን ገባኝ።

ትናንት ጠዋት ሪሴፕሽን ማንም የለም። አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ትልቅ ሻንጣ ይዛ በሩ ጋ ቆማለች። አክስቴ ውጭ ከአንድ የታክሲ ሹፌር ጋር እያወራች በመስታወቱ ታየኛለች። ሦስቱንም ጥያቄ አከታትዬ ለቀቅኩት። ግሱ በቦታው፣ ጊዜው በቦታው። ሴትዮዋ ረጅም ነገር መለሰች፤ እኔ በራሴ ተደምሜ መልሱን የት ልስማ? የስ፣ የስ እያልኩ ሻንጣዋን ነጥቄ ደረጃውን ተያያዝኩት። አክስቴ እጇን ስታወዛውዝ ጎበዝ ያለችኝ መስሎኛል። ሴትዮዋም "ኖ፣ ኖ" እያለች ከኋላዬ ስትሮጥ፣ እንዳይከብደኝ አዝናልኝ ነው ብዬ ይባስ ፈጠንኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ታክሲው ክላክስ አደረገ። ከዚያ ረጅም መልሷ "ኤርፖርት" የሚለው ቃል ያኔ ነው ጆሮዬ የገባው። ሴትዮዋ ለካ ሰሞኑን እዚሁ ስታድር ከርማ መሄዷ ነው፤ እኔ ከመተኮሻ ክፍል ስለማልወጣ የት አውቃት።

ቁልቁል እንዴት እንደበረርኩ አትጠይቁኝ። ደግነቱ አልረፈደባትም፤ ታክሲው ውስጥ ሆና በሳቅ እንባዋ ይወርዳል። አክስቴ ግን ፈገግም አላለች።

"እንግሊዝኛሽስ ደህና ነው መሰለኝ" አለችኝ። "የመጣና የሚሄድ ሰው መለየት ስትጀምሪ ስለ ወንበሩ እናወራለን።"

"እትዬ፣ አንድ ዕድል ብቻ..."

"ካውያው ግሏል፣ ልጄ።"

ይኸው እየተኮስኩ ነው። የማንን አንሶላ ብትሉኝ፣ የዚያችን ፈረንጅ።