የአማቴ ሻንጣና የእኔ ማስነጠስ

ሌላ አገር ሰው ሲያስነጥሰው «ይማርህ» ይባላል አሉ። እኛ የተራራው ሰዎች፣ ቡኑኖች ዘንድ ግን አንድ ሰው ለመንገድ ተነስቶ ደጃፉ ላይ ካስነጠሰው፣ ወይም አጠገቡ ያለውን ሰው ካስነጠሰው፣ ጓዙን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዚያ ቀን አይሄድም፣ አለቀ። አደን ይሁን፣ ገበያ ይሁን፣ ሰርግ ይሁን ለውጥ የለውም። የፈለገ ይሳቅ። እኔም ወጣት ሳለሁ እስቅ ነበር። ታላቅ ወንድሜ በሩ ላይ አስነጥሶት «ባካችሁ ተዉኝ» ብሎ አደን ወጣና እግሩን ሰብሮ በቃሬዛ ስናመጣው ሳቁን ተውኩት።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር የበሽተኛ መኪና ሹፌር መሆን ምን እንደሚመስል አስቡት። ኩላሊታቸው የደከመ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን ለእጥበት ከተራራው ወደ ከተማ ሳመላልስ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን ጎህ ሳይቀድ ወጥተን ሲጨልም እንመለሳለን። በዚያ ሁሉ ጊዜ መነሻ ላይ አስነጥሶኝ አያውቅም። አፍንጫዬን ቆንጥጬ፣ ምላሴን ነክሼ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀር እይዘው ነበር። ሌላው ሹፌር በመንጃ ፈቃዱ ይኮራል፤ እኔ በአፍንጫዬ እኮራለሁ።

ከተሳፋሪዎቼ አንዷ አማቴ ላንጉይ ናቸው፤ አብረውን የሚኖሩት የሚስቴ የፑኒ እናት። ቁመታቸው አጭር ነው፣ ምላሳቸው ግን ረጅም። ሁልጊዜ የሚቀመጡት ከጎኔ ነው፣ ጥቁር ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። ሻንጣው ውስጥ ቅያሬ ልብስና የተቀቀለ ስኳር ድንች አለ። ከሁሉም በታች ደግሞ በልጃገረድነታቸው ራሳቸው የሸመኑት፣ ቀይና ጥቁር ጥለት ያለው መገነዣቸው አለ። ይህንን የነገሩኝ ገና የመጀመሪያው ቀን ነው።

«ስማ ሃይሱል፣» አሉኝ፣ «መንገድ ላይ ከሞትኩ በዚህ ትሸፍነኛለህ። ከዚያ መኪናህን ታዞራለህ። ከተማ ወስደህ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳትከተኝ። ከቤቱ ውጭ የሞተ ሰው ነፍሱ መግቢያ አታገኝም።»

«እማዬ፣ ምን ዓይነት ወሬ ነው በጠዋት?»

«አንተ መንገድህን እያየህ ንዳ።»

ነዳሁ። ዓመት መጣ ዓመት ሄደ፣ እኔ አማቴንና መገነዣቸውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ተራራውን ስወርድና ስወጣ ኖርኩ። ጠመዝማዛው ላይ ባሸለቡ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይል ነበር። ቀስ ብዬ ክርናቸውን ነካ አደርጋለሁ። «ገና ነኝ» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ከተሜው እጥበቱን ጨርሶ ምሳውን ቤቱ ይበላል። የእኛዎቹ መኪና ውስጥ እያስመለሳቸው ይመለሳሉ። ዝናብ ጠንክሮ ናዳ መንገዱን ሲዘጋማ ጭራሽ ይቀራሉ። ታዲያ በሚቀጥለው ጊዜ ስንሄድ የሚጠብቀን ተግሣጽ ነው። አንዱ የሆስፒታሉ ጎረምሳ «የእናንተ ሰዎች ሕክምናቸውን በደንብ አይከታተሉም» ሲለኝ ደሜ ፈላ። «ተራራውን ተናገረው፣ መንገዱ ላይ የወደቀው እሱ ነው» አልኩት። የእኛ መንደር ሰው ከከተማው ሰው ቀድሞ ይሞታል። ይህን ለማወቅ መማር አያስፈልግም፣ መቃብራችን ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ማንበብ ይበቃል።

የጠየቅነው ከሌላው የተሻለ ነገር አይደለም። የእነሱ የእጥበት ወንበር ለእነሱ እንደሚቀርባቸው፣ የእኛም ለእኛ ይቅረበን ነው ያልነው። አንድ ጊዜ ባለሥልጣን መጥቶ፣ አዳራሽ ሰብስቦን፣ ለጥቂት ሰው ብሎ ማሽን ተራራ ላይ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር በሰፊው አስረዳን። አማቴ እጃቸውን ሳያወጡ ተነሱ።

«ያንን ማሽን ስንት ዓመት ሙሉ ሳየው ነው የኖርኩት፣» አሉ። «ከሥሩ አራት ጎማ አለው። እኔ ጎማ የለኝም። እስቲ ማን ወደ ማን ይምጣ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባለሥልጣኑም ሳቀ። በሳቅ ብቻ የሚመጣ ነገር ስለሌለ ከዚያ በኋላም ብዙ ደጅ ተጠና። በመጨረሻ የድሮው ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ታደሰ፣ የውሃ ማጣሪያ ተተከለ፣ አራት ወንበርና አራት ማሽን ገባ። ነርሷ ደግሞ የሰፈራችን ልጅ ኡማቭ ሆነች። ከተማ ተምራ፣ እዚያው ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ናት።

ሥራ ሊጀመር ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው አውሎ ነፋስ መጣ። ናዳው መንገዱን ዘጋው፣ የእኛም ሰዎች እጥበት አመለጣቸው። ሊመርቁ የነበሩት ባለሥልጣናት ከናዳው ማዶ ቀሩ። ቀደም ብሎ የወጣው ወጣት ሐኪም ብቻ ከእኛ ጋር ታሰረ። የሌላው ተሳፋሪዬ፣ የሽማግሌው የአዚማን ሚስት ጎደሬ እያበላች ታወፍረው ጀመር።

ሰኞ ጠዋት ኡማቭ ደወለችልኝ።

«ጋሼ ሃይሱል፣ ከሁሉ በፊት እማማ ላንጉይን አምጣልኝ። ትናንት እግራቸውን አይቼዋለሁ። ውሃው ወደ ሳንባቸው እየወጣ ነው። ለነገ የሚባል ነገር የለም፣ ዛሬ የግድ ነው።»

«አሁኑኑ» አልኳት።

የሆነውን ልንገራችሁ። መኪናዬን አጠብኩ። ደጃፉ ላይ አምጥቼ አቆምኩ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ በሩን ከፈትኩ። የእጥበቱ ክፍል ጣሪያ ከእኛ በር ላይ ቆመው ሲያዩት እኮ ይታያል። ቢሆንም የእጥበት ቀን ነውና መኪና ይቀርባል፣ ልማድ ነው። አዚማን በምርኩዙ እያዘገመ መጥቶ ከኋላ ተሳፈረ። አማቴ ካፖርታቸውን ደርበው፣ የመንገድ ጫማቸውን አድርገው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ። ከበሩ እስከ መኪናው ለመድረስ እንኳ ሁለቴ ቆመው ተነፈሱ።

እኔ ደስ ብሎኛል። ደስታ ደግሞ ያዘናጋል። ቀና ስል ከዝናቡ በኋላ የወጣችው ፀሐይ ዓይኔን ወጋችኝ፣ አስነጠሰኝም። አንዴ ብቻ ቢሆን ምናልባት ሳል ነው እል ነበር። የዘጠኝ ዓመቱ ውዝፍ በአንድ ጊዜ የመጣ ይመስል ደጋገመኝ።

አማቴ አንድ እግራቸውን መኪናው ላይ አድርገው ነበር። ቀስ ብለው አወረዱት።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ጠብቀህ ዛሬ?» አሉኝ። ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤት ተመለሱ።

አዚማንም የኋላውን በር ከፍቶ ወረደ። «እኔ በእሷ ላይ አልቀድምም» አለና ደፉ ላይ ቁጭ አለ። የቀሩትም ሁለቱ በሽተኞች፣ ላንጉይ መመለሳቸውን ከሰሙ ከቤታቸው እንደማይወጡ አውቃለሁ።

ፑኒ ጭልፋዋን እንደያዘች ከማድቤት መጣች። «አፍንጫህን መያዝ አቃተህ? እጅ ለምን ተሰጠህ?»

እሷን አልፌ አማቴን ተከትዬ ገባሁ። አማቴ አልጋቸው ላይ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ለመንኳቸው። ማልኩላቸው። አቧራ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ አይቆጠርም አልኩ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። የሚሰማው ትንፋሻቸው ብቻ ነበር፣ እየተቆራረጠ። ፈራሁ። ያን ሁሉ ገደል በደህና አሻግሬያቸው፣ እቤታቸው በር ላይ የምገድላቸው እኔው ሆኜ ታየኝ።

ኡማቭ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆኗል። አሁን ስለ ኋላ ቀርነት ልትሰብከን ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ የከተማዎቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። እሷ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ያበጠውን እግር በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።

«እማማ፣ እኔ አላስገድድዎትም፣» አለች። «አባቴም ቢሆን ኖሮ ይመለስ ነበር።»

«ታዲያ ምን ልትይኝ መጣሽ?» አሉ አማቴ ለግድግዳው።

«እንደምፈራ ልነግርዎ። እስከ ማታ ትንፋሽዎ የሚበቃዎት አይመስለኝም። ወንበርዎን አዘጋጅቼ እየጠበቅሁ ነው።»

ፑኒ ፊቷን በጭልፋው ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። በዚህ መሃል አዚማን ከደፉ ላይ ድምፁን አሰማ።

«ላንጉይ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ያንተ አፍ መቼ ፈቃድ ጠይቆ ያውቃል?»

«ባለፈው እኛ ቤት ጨው ልትበደሪ ስትወጪ ይሄው በር ላይ አላስነጠሰሽም? እኔ እኮ ከታች ሆኜ ሰምቼሻለሁ።»

«የምን ጨው?» አለች ኡማቭ፤ ለኩላሊት በሽተኛ ጨው ክልክል ነውና።

«ለዶሮዎቹ ነው፣» አሉ አማቴ ፈጠን ብለው። «አዎ፣ አስነጠሰኝ። ታዲያስ?»

«ለምን አልተመለስሽም?»

«ለምን እመለሳለሁ? እናንተ ቤት መምጣት መንገድ ነው እንዴ?»

የተናገሩትን ራሳቸውም ሰሙት። ፊታቸውን ከግድግዳው አዞሩ።

«ኡማቭ፣ ያንቺ ክፍል ከነአዚማን ቤት ይርቃል?»

«ይቀርባል እንጂ እማማ። ከፕሪሙ ዛፍ ወዲህ ነው።»

ክርናቸውን ተደግፈው ቀና አሉና እኔን አዩኝ። «ታዲያ አንተ መኪና ለምን አመጣህ?»

በበሩ ወደ መኪናዬ ዞር ብዬ አየሁ።

«መኪና አቀረብክ፣ ሞተር አስነሳህ። እኔም ካፖርት ለብሼ፣ ሻንጣ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ጎረቤት መሄዱን መንገድ ያስመሰልነው እኛው ነን። ማስነጠሱ ምን ያድርግ? መንገደኛ ያየ መሰለው።»

«እኔ ካልነገርኳት አይገባትም» አለ አዚማን።

«አንተ ዝም በል። ከኔ በሁለት ዓመት ታንሳለህ።»

ካፖርታቸውን አወለቁ። የመንገድ ጫማቸውን አወለቁ። ፑኒ እንባዋን እየጠረገች የቤት ነጠላ ጫማቸውን አቀረበችላቸው። ሲነሱ እኔ ደግሞ እንደለመድኩት ሻንጣውን ብድግ አደረግሁ።

«ተወው።»

«እማዬ፣ ውስጡ እኮ...»

«ውስጡ ያለውን የሸመንኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ለመሄድ መገነዣውን ተሸክሞ የሚወጣ ማን አለ?»

ሻንጣውን መልሼ አልጋው ሥር አስቀመጥኩት። ፊቴን ማንም እንዳያየው ቀድሜ ወጣሁ።

በእግራችን ሄድን። በአንድ በኩል የእኔን ክንድ፣ በሌላው የኡማቭን ይዘው ጥቂት ተራምደው ያርፋሉ። ባረፉ ቁጥር ወይ አንድ ጎረቤት ይሰድባሉ፣ ወይ ስለ አንዱ ዶሮ ይጠይቃሉ። አዚማን ከኋላችን በምርኩዙ ያዘግማል። መንገዱ አጋማሽ ላይ አፍንጫዬን እንደገና በላኝ። ባልተያዘው እጄ ቆነጠጥኩት።

አማቴ አዩኝ። «ልቀቀው» አሉ።

ለቀቅሁት። አስነጠሰኝ። ማንም አልተመለሰም።

በሩ ላይ የምረቃው ቀይ ሪባን ሳይቆረጥ እንደተወጠረ ነው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ። ባለሥልጣናቱ መጥተው የሚቆርጡት እንደሆነ ኡማቭ ነገረቻቸው። «ጎረቤት ቤት በገመድ ይታሰራል እንዴ?» ብለው ወደ ላይ አነሱትና ከሥሩ ገቡ።

ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠ፣ ኡማቭ መርፌውን ሰካች፣ ማሽኑ መዞር ጀመረ። ሐኪሙ ግንባሩን ቋጥሮ ብዙ ጊዜ አጠገባቸው ቆመ፤ በኋላ ላይ ሄዶ ሲቀመጥ ነው እኔም የተነፈስኩት። ከተማው ውስጥ አማቴ ወንበሩ ላይ ተኝተው አያውቁም ነበር። ዓይናቸውን አፍጥጠው ሻንጣቸውን ይጠብቃሉ። እዚህ ግን ትንፋሻቸው እየረጋ ሲመጣ፣ በመስኮቱ የቤታቸውን ጣሪያ እያዩ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ያንኮራፉም ጀመር። አጠገባቸው ያለው አዚማን ሐኪሙን ጠርቶ «ይሄንን ድምፅ የምታጠፉበት ቁልፍ የለም?» አለው። የቀሩት ሁለቱም ወሬውን ሰምተው በነጠላ ጫማቸው መጥተው ነበር።

ምሳችንን እቤታችን በላን። በእጥበት ቀን አማቴ ፀሐይ ሳትጠልቅ እቤታቸው ሲበሉ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እግራቸው ጎደል ብሏል። ከምሳ በኋላ በሩ ላይ ተቀምጠው ሻንጣውን አስመጡኝ። ስኳር ድንቹን ለዶሮዎቹ በተኑላቸው። መገነዣውን አውጥተው ዘረጉት። የታጠፈበት መስመር ሳስቷል፣ አንዱ ጥግ ሻግቷል። ፑኒንና እኔን ጫፍና ጫፉን አስይዘው ልብስ ማስጫው ቀርከሃ ላይ አሰጡት። ቀዩ ጥለት ፀሐይ ሲያገኘው ገና ትናንት የተሸመነ ይመስል ነበር።

«አሁን ምን ልታደርጊው ነው?» አለቻቸው ፑኒ።

«ሲደርቅ ሳጥኑ ውስጥ ይግባ» አሉ። «ቀኑ ሲደርስ እዚሁ ቤቴ ያገኘኛል።»