መዶሻ የማይሰማ ጆሮ

ወንድሜ በልጅነቱ «ጋሼ» ይለኝ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ «አንተ» አለኝ፤ ተመርቆ ሲመለስ ደግሞ ጭራሽ «እሱ» ሆንኩ። «እሱ ያምጣው፣ እሱ ይሸከመው።» እናታችን ይህን ሁሉ አልሰማችም። የሰማችው ልጇ ኢንጂነር መባሉን ብቻ ነው። አባታችን ደረቱን ታሞ ከከሰል ማውጫው ሲወጣ ከሁለት ወንዶች ልጆቹ አንዱ ሊተካው ግድ ሆነ፤ ዳኝነቱም በእጅ ስፋት ሆነ። የኔ እጅ ሰፊ ነው ተባለ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ከመሬት በታች ገባሁ፣ እሱ በቀጫጭን ጣቶቹ እስክሪብቶ ያዘ። የእጅ ስፋት ተለክቶ ዕድል ሲታደል ያየሁት በኛ ቤት ብቻ ነው።

ይህን የማነሳው ልወቅሰው ብዬ አይደለም፤ ብወቅሰውም ሐቄ ነው። የማነሳው ከአደጋው ወዲህ «ቀናተኛው ወንድም» እየተባልኩ ስለምታማ ነው። ቀናተኛ ልሁን። ቀናተኛ ሰው ዓይን የለውም የተባለ ግን አልሰማሁም።

ወንድሜ ጎልማሳነቱን የጨረሰው ከማሽን ጋር ነው። መጀመሪያ አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ደረጃ የሚወጣ ሮቦት ሲሠራ ኖረ። ሮቦቱ ጥቂት ደረጃ ወጥቶ እንደ ሰካራም ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሚስት ሳያገባ፣ ፀጉሩ ከፊት እየሳሳ፣ ያንን ግንድ አንድ ደረጃ ከፍ ለማድረግ ዓመታት ሄዱበት። ከዚያ የኛ ማውጫ ባለቤቶች ቀጠሩትና ዋሻው አፍ አጠገብ መስኮቷ በከሰል ብናኝ የጠቆረ ክፍል ሰጡት። እዚያ ሁለት ነገር ሠራ። አንደኛዋ እንደ ታንክ በሰንሰለት የምትሄድ፣ ግንባሯ ላይ ካሜራ ያላት፣ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ የምትሳብ ማሽን ናት፤ «ኤሊ» አልናት። ሁለተኛው ሴንሰሮቹ ናቸው። ጡጫ የሚያክሉ ሳጥኖች ናቸው፤ በየዋሻው ጣራና ግድግዳ ላይ በብሎን አሰራቸው። ድንጋይ ከመውደቁ በፊት ውስጡ ይሰነጠቃል፤ እነሱ ያንን ስንጥቅ ሰምተው ለጎረቤታቸው ይነግራሉ፣ ጎረቤት ለጎረቤት እየተቀባበለ ወሬው ላይኛው ክፍል ስክሪን ላይ ይደርሳል። ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ካልሆነ ቀይ። እኛ «ጆሮዎቹ» አልናቸው።

«አንዱ ቢሞት እንኳ ሌሎቹ ዙሪያውን ዞረው ወሬውን ያደርሱታል» ብሎ ሲያስረዳን፣

«እንደኛ ሰፈር ነዋ» አለ አማቻችን።

አማቻችን የታናሽ እህታችን ባል ነው። በማሽን ድንጋይ የሚበሳ ቦርቧሪ ነበር። ማውጫው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚለው፤ ዝም ማለት አይችልም። ምሳ ሲበላ ያወራል፣ ድንጋይ ሲበሳ ያወራል፣ እህቴ እንደምትለው ተኝቶም ያወራል።

ጆሮዎቹ መጀመሪያ መከራ ሆኑብን። መዶሻ በተነሳ ቁጥር ተራራ ተሰነጠቀ ብለው ደወል ያስጮኻሉ። እቃችንን ጥለን እየሮጥን እንወጣለን፣ ላይ ስንደርስ ምንም የለም። የማውጫው ኃላፊ ወንድሜን ሰው ፊት «ወይ ታስተካክላለህ ወይ ነቅለህ ትወስዳለህ» አለው። እኛም አልማርነውም።

«ዶክተር፣ ይሄ ጆሮህ መዶሻና ተራራ አይለይም እንዴ?» ይለዋል ሬዲዮ።

«ዶክተር አይደለሁም።»

«ትሆናለህ፣ ጆሮህ ይዳን እንጂ።»

ወንድሜ አሰበ፣ ሰነበተ፣ መድኃኒቱን አገኘ። የሰው ሥራ የሚያወጣውን ድምፅ ለጆሮዎቹ ማስተማር ነው፤ ሰው ነው ብለው ካወቁት ዝም ብለው ይተዉታል። ለማስተማሪያ የሚመታለት ሰው ፈለገ። እጁን ያወጣው ሬዲዮ ነው። ያንን ሳምንት ዋሻ ለዋሻ እየዞረ የተባለውን ሁሉ መታ፦ ድንጋይ፣ ብረት፣ የድጋፍ እንጨት፣ የአየር ቧንቧ። በመዶሻ መታ፣ በመፍቻ መታ፣ በጫማው ተረከዝ መታ። ወንድሜ ታብሌቱን ታቅፎ ያዘዋል።

«አሁን ቧንቧውን። ቀስ ብለህ። እሺ፣ አሁን ቶሎ ቶሎ። አሁን ደክሞህ እንደሆነ አድርገህ።»

«እንደሆነ አድርገህ ትላለህ እንዴ፣ ደክሞኛል እኮ» ይላል ሬዲዮ። «ግን እንዲህ ቁጭ ብሎ ያዳመጠኝ ሰው አይቼ አላውቅም። ሚስቴ እንኳ።»

«ሚስትህማ ጥጥ ገዝታለች» አልኩት።

ሳቅን። ወንድሜም ሳቀ። ሦስታችን አንድ ላይ የሳቅነው ያን ጊዜ ነው፤ ሌላ አላስታውስም።

ሠራለት። ሬዲዮ ልክ ከአንዱ ጆሮ ሥር ቆሞ በመዶሻ ሲደልቅ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው ብልጭ እንኳ አላለም። ኃላፊው አጨበጨበ። ወንድሜ በየስብሰባው ተጠራ፣ ተሸለመ፣ ከውጭ አገር ሳይቀር እንግዶች ሊጎበኙት መጡ። እንግዶቹን ይዞ ዋሻ ውስጥ ሲወርድ መብራት የያዝኩላቸው እኔ ነበርኩ። አንዷ ሴት ፈገግ ብላ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችው። «ከሠራተኞቹ አንዱ ነው» አላት። መብራቱን ያዝኩ እንጂ ምን እላለሁ። ሬዲዮ ኋላ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ተወው ጋሼ፣ ወንድሜ ነው ቢል ኖሮ ጫማህን ያዩት ነበር» አለኝ። የዚያን ሰው ቀልድ የሚተካ የለም።

እውነቱን ለመናገር፣ አደጋው የደረሰ ጠዋት ጆሮዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። ስንጥቁን ቀድመው ሰሙ፣ ደወሉ ጮኸ፣ ሮጠን ወጣን። ያለ እነሱ ስንቶቻችን እንቀር እንደነበር አላውቅም። ሬዲዮ ግን የሚሠራው ከቅርንጫፉ ዋሻ ጫፍ ላይ ነበርና መውጫው ሳይደርስ ጣራው ወረደ። ከወዲያ ቀረ። አልተጫነው ይሆናል፤ ከድንጋዩ ጀርባ ባዶ ቦታ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

ኃላፊው፣ ወንድሜና እኔ የጠቆረችው ክፍል ውስጥ ቆምን። እህቴ ውጭ አጥሩ ጋ ናት።

«ከወዲያ ያሉት ጆሮዎች ሞተዋል?» አለ ኃላፊው።

«አልሞቱም። ሁሉም ይሠራሉ።»

«ምን ይላሉ?»

ወንድሜ ስክሪኑን አዞረለት። ከውድቀቱ ጀርባ ያሉት ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ኤሊን በድንጋዩ መሃል ሰደዳት፤ ጥቂት ተስባ ተቀረቀረች፣ ካሜራዋ አቧራ ብቻ አሳየን። ኃላፊው ያለው ምርጫ ሁለት ነው። በሕይወት ያለ ሰው ካለ ድጋፍ ሳይጠበቅ በጥድፊያ ይቆፈራል፤ ያ ደግሞ ቆፋሪዎቹን ሊያስበላ ይችላል። ከሌለ ድጋፍ እየተሠራ በዝግታ ይገባል።

«አለ ወይስ የለም?» አለው።

ወንድሜ እኔን አየኝ። ለዓመታት እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ከዚያ «ቢኖር አንድ ነገር ያደርግ ነበር፤ ቢያደርግ ይሰሙት ነበር» አለ። «ምንም ድምፅ የለም።»

«እንግዲህ ላም አለኝ በሰማይ ብዬ ሰው አላስጨርስም» አለ ኃላፊው፤ በዝግታው ተወሰነ።

ለጆሮዎቹ ያስተማረውን ረስቶት ነው ትላላችሁ? አልረሳውም። ይኮራበት የነበረ ነገር ነው፤ ሰው የሚኮራበት ነገር ጉድለት ሆኖ አይታየውም። እኛስ? ድሮ ጣራ ሲወርድ ሥራ አስቁመን፣ ትንፋሻችንን ውጠን፣ ድንጋይ ላይ ተለጥፈን እናዳምጥ ነበር። ጆሮዎቹ ከመጡ ወዲህ ያንን የሚያደርግ ጠፋ። ስክሪኑ ዝም ካለ ዝም ነው።

በማግስቱ ወንድሜ ኤሊን ሊጎትት ወደ ታች ወረደ። እኔ የድጋፍ እንጨት ሥር ሽብልቅ እየመታሁ ነበር። ታብሌቱን ይዞ አጠገቤ ሲደርስ ቆመ። መዶሻዬን አየ፣ ቀና ብሎ ከራሴ በላይ ያለውን ጆሮ አየ፣ ታብሌቱን አየ።

«ድገመው» አለኝ።

መታሁ።

«እስቲ ድገመው።»

ደጋግሜ መታሁ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«አይሰማህም።»

«ማን?»

«ጆሮው። አንተን አይሰማህም» ብሎ ከሰሉ ላይ ቁጭ አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ሬዲዮ ከወዲያ ሆኖ ተራራ የሚያክል ድምፅ ቢያወጣ ጆሮዎቹ «ይህስ ሰው ነው» ብለው ይተዉታል። ቀስ ብሎ መምታቱን ያውቁታል፣ ቶሎ ቶሎ መምታቱን ያውቁታል፣ ደክሞት መምታቱን ያውቁታል። ከሱ ነው የተማሩት።

ወንድሜ ያስተማራቸውን ሰረዘው። እዚያው በተቀመጠበት፣ በጣቱ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ሁሉም ሥራ እንዲያቆም ጮህኩ፤ ዋሻው ጸጥ አለ። አሁን ጆሮዎቹ ሁሉንም ሰሙ፤ ትንፋሻችንን፣ የአንዱን ሳል፣ ከወዲያ በኩል የሚንጠባጠበውን ውኃ። የውኃውን ጠብታ ከታብሌቱ ሰማን። ድንጋይ ሲደላደል ሰማን። ከዚያ ሌላ ምንም አልሰማንም። በጥድፊያ ቆፈርን፤ ማንም አላዘዘንም።

ስንደርስ ሞቶ ነበር። ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ድንጋይ አልነካውም። አጠገቡ የአየር ቧንቧው ተቆርጦ ወድቋል፤ እሱ ጋ ያለው ቁራጭ አንድ ቦታው ላይ ቀለሙ ተልጦ፣ ጎድጉዶ፣ ብረቱ ነጭ ሆኖ ያበራል። መፍቻው ጭኑ ላይ ነበር። ቧንቧውን ገልብጬ በከሰል አለበስኩት። እህቴ ስትጠይቀኝ «ወዲያው ነው፣ አልተሰቃየም» አልኳት። ተመስገን አለች። ተመስገን ስትል የሰማሁበት ጆሮዬ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሞ ሄደ። እህቴ ቤት አልመጣም። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዱቄት ተሸክሜላት ስመጣ በሯ አጠገብ ካለው ግንብ ሥር ቆሞ አገኘሁት። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል።

«አልገባህም?» አልኩት።

«ቧንቧውን አይተኸዋል?» አለኝ።

«የቱን ቧንቧ?» አልኩ አውቄ።

«እሱ ጋ የነበረውን።»

አላየሁም ማለት እችል ነበር። ሰው ከሞተ በኋላ «ስንወስን ቀድሞውኑ ሞቶ ነበር» ብሎ ማሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ በሱ ተደግፎ ዕድሜ ይገፋል። ያንን ድጋፍ ልተክልለት ወይም ልነቅልበት የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«አይቼዋለሁ» አልኩት።

«ተመቷል?»

«ቀለም አልተረፈውም።»

ሰዓት የነገሩት ያህል ራሱን ነቀነቀ። «ብዙ ቦታ ነው ወይስ አንድ ቦታ?»

«አንድ ቦታ።»

«ተቀምጦ ነዋ» አለ። «ተቀምጦ ነው የመታው። ረጅም ጊዜ።»

«እንዳስተማርከው ነው» አልኩት። «ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ ደክሞት።»

ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን የክፍል ኃላፊ እንዳደረጉት ነገረኝ፤ ጆሮዎቹ ተስተካክለው ለሌሎች ማውጫዎች ሊሄዱ ነው።

«አሁን ይሰማሉ» አለኝ።

«ማንን?» አልኩት።

ግንቡን ተደገፈ። «እሷ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ልነግራት ነው የመጣሁት። ማታ ማታ እንቅልፍ የለኝም።»

«እሷ አሁን ትተኛለች» አልኩት። «አንተ እንድትተኛ እሷን ልትቀሰቅሳት ነው?»

«ይቅርታ ልጠይቃት እንጂ...»

ዱቄቱን ከትከሻዬ አወረድኩ። ይቅርታ ከጠየቃት ትሰጠዋለች፤ የእናታችን ልጅ ናት፣ ለሱ የሚከለከል ነገር ኖሮ አያውቅም። ከዚያ እሱ ቀልሎት ይሄዳል፣ እሷ ደግሞ የቧንቧ ድምፅ እየሰማች ታረጃለች።

ከውስጥ የጫማዋ ድምፅ ተሰማ። «ማነው በሩ ላይ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

ወንድሜን አየሁት። አፉ ተከፍቷል። አንድ ቃል ቢተነፍስ ትሰማዋለች፤ በመሃላችን ያለው ቀጭን ቆርቆሮ ነው።

«ከማንም» አልኳት።

አፉን ገጠመ። ግንቡን ይዞ ቁልቁል ሄደ። ከመታጠፊያው ሳይደርስ በሩ ተከፈተ፤ ዱቄቱን አንስቼ ገባሁ። ጠራሁት ብል ውሸታም ነኝ።