የእህት ዓለምጌጥ ምስክርነት

ኳሱ ከሊዮል እጅ ሲያመልጥ ዓለምጌጥ ያየችው ኳሱን ሳይሆን የልጇን ጉልበት ነበር። እሱ በወደቀ ቁጥር ዓይኗ የሚሄደው እዚያ ነው። ሊዮል ተነሣ፤ አልተጎዳም። "ተመስገን ጌታዬ" ብላ ልትቀመጥ ስትል፣ ከኋላዋ የቡድኑን ቀይ ኮፍያ ያደረገ አንድ አዛውንት ደጋፊ እጁን በአፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ።

"የቤት ኪራይህን የምንከፍልልህ ለዚህ ነው?"

አጠገቡ ያሉት ሳቁ። ዓለምጌጥ ማንበብና መጻፍ ገና መማሯ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ስትወጣ ከጎልማሶች ጋር ትማራለች። እንግሊዝኛዋም ብዙ አይደለም። "የቤት ኪራይ" የሚለውን ግን አሳምራ ታውቀዋለች። ይሄ ሰው ከየት ሰማ?

አጠገቧ ወደተቀመጠው ወደ አለማየሁ ዞረች። አለማየሁ የኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፤ በቤተክርስቲያናቸውም ዘማሪ ነው። ሊዮል ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ሦስት ሰዓት ሙሉ እየነዳ ለጨዋታ የሚያመጣት እሱ ነው። ስታዲየም ውስጥ ከማንም በላይ የሚጮኸውም እሱ ነበር። አሁን ግን ሜዳው ላይ አፍጥጦ ዝም አለ።

ነገሩ የጀመረው በፈረንጆቹ 2008 ጥር ላይ ነው። ያን ጊዜ ሊዮል ሃይስኩል ሊጨርስ ነው፤ አሜሪካኖቹ በእጃቸው ይዘው በሚሮጡበት ፉትቦል ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይበልጣል። ሌክ ሃይላንድስ የሚባለው ሰፈር ያለችው ጠባብ አፓርታማቸው አንዱ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሲገባባት ሌላው ሲወጣባት ሰነበተች። አንዱ የሠራችለትን ቃሪያ የበዛበት ጥብስ እያላበው ጨርሶ "ደግሞ ስጪኝ" ያለ ጊዜ ሊዮል እስኪያስነጥሰው ድረስ ስቋል። ሁሉም የሚያቀርቡት አንድ ዓይነት ነበር፤ ነፃ ትምህርት፣ ምግብና መኝታ። ከዚያ በላይ ለተጫዋችም ሆነ ለቤተሰቡ መስጠት በሕግ የተከለከለ መሆኑን ለዓለምጌጥ የነገራት የለም።

በዚያው ወር የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የሥራ ሰዓቷን ቀነሰባት። በራቸው ላይ ቤቱን እንዲለቁ የሚያዝ ወረቀት ተለጠፈ።

ሚስተር ዌልደን የመጣው በዚያ ሳምንት ነው። ፍሪስኮ የምትባል ከተማ ውስጥ ትልቅ የመኪና መሸጫ ያለው፣ ሊዮል በኋላ የገባበት ዩኒቨርሲቲ ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋፊ የሆነ ሰው ነው። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ልጅሽ እኛ ጋ ከመጣ የቤቱን ነገር እርሺው" አለ። ከዚያ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ "ማንም እንዳይሰማ" ሲል ጨመረ። ሊዮል ተረጎመላት።

ዓለምጌጥ በዚያ ምሽት ለረጅም ሰዓት ተንበርክካ ጸለየች። ቀኝ እጁ የሰጠውን ግራው እንዲያውቅ የማይፈልግ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው መስሏት ነበር። ሰጪ ዝም ቢል ትሕትና ነው፤ የተደረገለት ሰው ዝም ቢል ግን የጌታን ሥራ መሸሸግ ነው። በቤተክርስቲያኗ የተማረችው ይህንን ነው። ስለዚህ እሑድ በምስክርነት ሰዓት ወጣች። የቤተክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሽ መኳንንት ማይክሮፎኑን ያዙላት። ከቤቷ ልትወጣ እንደነበር፣ ጌታ አንድ ፈረንጅ እንዳስነሣላትና ኪራይዋን እንደሚከፍልላት ስሙን ሳትጠራ እያለቀሰች ተናገረች። አዳራሹ በእልልታ ተሞላ።

ከጨዋታው ሲመለሱ አውራ ጎዳናው ላይ እስኪወጡ ታገሠች።

"አንተ ነህ?"

"ዓለሜ፣ ስሚኝማ..."

"አንተ ነህ ወይ?"

"አንድ ፓሴንጀር ነው" አለ አለማየሁ። "የተቃራኒያችንን ቡድን ሹራብ ለብሷል። 'ዘንድሮ እንጨፈልቃችኋለን' እያለ ከኤርፖርት ጀምሮ ሲያበሽቀኝ፣ እኔም 'ቤቱን ሳይቀር ከፍለን ያመጣነው ልጅ አለን፣ ጠብቅ' አልኩት። ማለቴ፣ ጉራ ነው! ሰውየው ኢንተርኔት ላይ ይጽፈዋል ብዬ በምን ልወቅ? አንቺስ ራስሽ በማይክ ተናግረሽው የለም እንዴ?"

"እኔ ለጌታ ነው የተናገርኩት።"

"እኔ ደግሞ ለፓሴንጀር። ሚስጥር መሆኑን ማን ነገረኝ?"

የሰሞኑ ነገር ሁሉ አሁን ገባት። በመስከረም ሊዮል ኳስ ሲጥል "አይዞህ፣ ገና አንደኛ ዓመት ነው" ይሉ የነበሩት ሰዎች አሁን የሰረቃቸው ያህል ይሰድቡታል። ሚስተር ዌልደንም ቢሆን ተለውጧል፤ ከሽንፈት በኋላ ሥራ ቦታዋ ድረስ እየደወለ ልጁ ምን እንደሚበላ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ይጠይቃታል። እንደ ገዛው በሬ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። የኮሌጅ ስፖርትን የሚቆጣጠረው ድርጅት መርማሪ ሐሙስ ቀትር ላይ ቤቷ ይመጣል። ሚስተር ዌልደን ረቡዕ ቀድሞ አንድ ወረቀት ይዞ ደረሰ። ከዩኒቨርሲቲው የመጣው ሊዮል ከጎኗ ተቀመጠ። ዓለምጌጥ ጣቷን ከመስመሩ በታች እያስኬደች አጭሩን እንግሊዝኛ ራሷ አነበበችው፤ ከአስተማሪዋ ውጭ ያለ ሰው የሰጣትን ወረቀት እስከ መጨረሻው ስታነብ የመጀመሪያዋ ነበር። ኪራዩን የከፈለችልን ቤተክርስቲያናችን ናት ይላል።

"ይሄ ውሸት ነው" አለች።

"ማሚ፣ ጀስት ሳይን አድርጊው" አለ ሊዮል። "ካላደረግሽ ኢትስ ኦቨር። ሁለተኛ አልጫወትም። ስኮላርሺፑም የለም። ፕሊዝ፣ ማሚ።"

ፈረመች።

ድርጅቱ አስተርጓሚ እንደሚያመጣ ጽፎ ነበር፤ እሷ ግን የማታውቀው ሰው ቤቷ ገብቶ ጉዷን እንዲሰማ አልፈለገችም። ሐኪም ቤትም፣ ፍርድ ቤትም፣ ትምህርት ቤትም ለምእመኑ ሁሉ የሚያስተረጉሙት ጋሽ መኳንንት ናቸው። የጨነቀው ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚደውለው፤ እሷም ደወለች።

ሐሙስ ዕለት መርማሪው በሰዓቱ መጣ። ወጣት ነው፤ ጫማውን ላውልቅ ወይ ብሎ ጠየቀ። ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበና "ይሄን በራስሽ ቃል ንገሪኝ" አላት። ጋሽ መኳንንት ተረጎሙ።

ዓለምጌጥ ምንጣፉ ላይ እንዳቀረቀረች፣ "ኪራዩን የከፈለችልን ቤተክርስቲያናችን ናት" አለች።

ጋሽ መኳንንት አልተረጎሙም። መርማሪው ጠበቀ።

"ጋሼ፣ ይንገሩልኝ እንጂ።"

"እህት ዓለምጌጥ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "ያን ዕለት ማይኩን የያዝኩልሽ እኔ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ በየትኛው አፌ ነው ይሄን የምተረጉመው? ጌታ ፊት የተናገርሽውን?"

"ጋሽ መኳንንት፣ ፕሊዝ" አለ ሊዮል። "የርስዎ ልጅ ቢሆንስ?"

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓለምጌጥ ከዚያ በላይ ልታስጨንቃቸው አልቻለችም፤ ወደ መርማሪው ዞራ ማክሰኞ ማክሰኞ በለቃቀመችው እንግሊዝኛ "ቸርች ፔይ። ማይ ቸርች" አለች።

መርማሪው ጻፈ። ከዚያ በትሕትና ወደ ጋሽ መኳንንት ዞረ። ከዚያች ቤተክርስቲያን መሆን አለመሆናቸውን ጠየቃቸው። ሽማግሌ ነኝ አሉት። ታዲያ ቤተክርስቲያኗ ከፍላለች?

"ኖ፣ ሰር።"

ከዚያ በኋላ የተባለውን ዓለምጌጥ አልሰማችም። ሊዮል ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። ጋሽ መኳንንት ሲወጡ እጇን ሊይዙ ፈለጉ፤ ሰጠቻቸው።

ዩኒቨርሲቲው ሊዮልን ከቡድኑም ከስኮላርሺፑም አስወጣው። ሚስተር ዌልደን ያደረገውን ያደረገው በግሉ እንጂ በዩኒቨርሲቲው ስም እንዳልሆነም ጻፈ። የሚስተር ዌልደን ስልክ መነሣት አቆመ። ኪራዩም ቆመ። ቀይ ኮፍያ ያደረጉት ሰዎች ኢንተርኔት ላይ ከሂዩስተን ስለሚመጣ ሌላ ልጅ መጻፍ ጀመሩ፤ ሊዮል አንድ ቀን አንብቦላት ኮምፒውተሩን ዘጋው።

ከቤቱ የወጡት በኅዳር፣ በአንድ ዝናባማ ጠዋት ነው። ሊዮል ካርቶን በፕላስተር ሲያሽግ ቆየና ቀና ሳይል፣

"ማሚ፣ እኔ ከመጀመሪያው አውቅ ነበር" አላት።

"ምኑን?"

"ክልክል መሆኑን። ሰውየው 'ማንም እንዳይሰማ' ሲል፣ አይ ኒው ዋይ። ለአንቺ ግን አልነገርኩሽም።"

"ለምን ልጄ? ብትነግረኝ ኖሮ እኔ መች ማይክ እይዝ ነበር?"

"ኖ ትይው ነበራ።"

"አዎ። እምቢ እለው ነበር።"

"ሶ፣ የት እንኖር ነበር?"

ሊዮል መልስ ሳይጠብቅ ካርቶኑን ተሸክሞ በዝናቡ ውስጥ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። እሷም የሚቀጥለውን አንሥታ ተከተለችው።