ትርንጎ ክፍሉን በረሃ ስታስቀባ

1.

«የበሬ ራስ ቅል እዚህ ቤት አይገባም።»

«እማ፣ ጌጥ እኮ ነው። ነጭ እንቀባዋለን፣ ቀንዱ ላይ አበባ እናስርበታለን።»

«ልጅ የምትተኛበት ክፍል ነው፣ ሶስና። ቄራ አይደለም።»


2.

ከመሀል ጀመርኩ፤ ሰው ሲናደድ ከመጀመሪያው አይጀምርም። አሁን ልዘርዝርላችሁ።

ትርንጎ አያትየዋ ናት። ሶስና ከጉያዋ ያልወጣች የመጨረሻ ልጇ ናት። የሚኖሩት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። አሮጊቷን አንቱ ስላላልኳት አክብሮት አታውቅም እንዳትሉኝ፤ ድሬ ውስጥ አንቱታ ለእንግዳ ነው።

ክፍሉ የልጅ ልጇ የኤልዳና መኝታ ነው። የትርንጎ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የባቡር አናጢ ነበር። ከአሮጌ ፉርጎ በወረደ ጣውላ ግድግዳውን ከወለል እስከ ጣሪያ ለብጦት ሞተ። ጣውላው ቫርኒሽ በቫርኒሽ ላይ ሲጠጣ ኖሮ ጠቁሯል። በጠራራ ፀሐይ እንኳ መብራት ካልበራ መርፌ አይገኝበትም።


3.

በስልክ የተባለው፣ እንዳለ፦

ሰይፈ፦ እማ፣ ትምህርት ተዘግቷል አይደል? ቅዳሜ እመጣለሁ። ቤቱ ለልጅ የማይሆን ከሆነ ኤልዳናን ይዣት እመለሳለሁ።

ትርንጎ፦ ወዴት?

ሰይፈ፦ ወደኔ ነዋ፣ አዲስ አበባ። አባቷ አይደለሁ?

ትርንጎ፦ አይደለህም አልወጣኝም።

ሰይፈ፦ ያ ክፍል ጨለማ ነው። አድጌበታለሁ፣ አውቀዋለሁ። ልጅ ሳጥን ውስጥ አትቀመጥም።

ትርንጎ፦ ያስቸገረህ ጨለማው ብቻ ነው?

ሰይፈ፦ ቅዳሜ እንነጋገር።


4.

እናቷ በወሊድ ከሞተች ጀምሮ ኤልዳናን ያሳደገቻት ትርንጎ ናት። ልጅቷ አሁን ስምንት ዓመቷ ነው። አባቷ በዓመት በዓል ብቅ ይል ነበር፤ ዘንድሮ ሚስት አገባ። ሴትዮዋ ክፉ ናት የሚል ወሬ እንኳ የለም። ትርንጎን ይበልጥ ያናደዳትም ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን ነገሩ ቀላል ነበር።

ስለዚህ ጨለማውን ያዘች። ጨለማ ቢያንስ ቀለም ይሸፍነዋል።


5.

ትርንጎ የምትፈራው፦

ብርድ። አዲስ አበባ ልጅ በሐምሌ ያስላል።

መንገድ መሻገር።

ፀጉሯን የሚሠራላት ሰው። ጭንቅላቷ ቶሎ ያማታል፣ ቀስ ብሎ የሚፈታ እጅ ይፈልጋል።

ልጅቷ እዚያ ሄዳ ማልቀሷ።

ልጅቷ እዚያ ሄዳ አለማልቀሷ።


6.

ሶስና ስልኳ ላይ አንዲት አሜሪካዊት አግኝታለች። ሴትየዋ የምትኖረው በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በረሃ ውስጥ ነው፤ ጥቁር የእንጨት ግድግዳዋን እንዴት እንዳበራችው ታሳያለች። የሚከተለው ትርንጎ እንደገባት ነው።

ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጊው። ያስነጥስሻል።

ነጭ መነሻ ቀለም ቀቢ።

በላዩ ላይ የሸክላ ቀለም ቀቢ። ማለትም አስፋልት ያልደረሰበት የድሬ መንገድ ይምሰል።

በሩን የባሕር ቀለም አድርጊው። በረሃ ውስጥ ባሕር ለምን እንዳስፈለገ አትጠይቂ።

ባለ ጥለት ምንጣፍ ስቀዪ። አዎ፣ ግድግዳ ላይ።

ቁልቋል አስቀምጪ።

የበሬ ራስ ቅል። (ይህን ጨርሰናል።)

ብርሃን የሚከለክል ነገር ሁሉ አውልቂ።

«ከበራችን ትንሽ ራቅ ብንል በረሃ አይደለም እንዴ?» አለች ትርንጎ። «ውጭ ያለውን ለምን ወደ ቤት እናስገባዋለን?»

«አቦ እማ፣ የኛው በረሃ ስታይል የለውም።»


7.

ቀለም ቀቢው ሙክታር ይባላል። ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ፀሐይ ስትበረታ ሮለሩን ውሃ ውስጥ ይነክርና ዛፍ ሥር ይጋደማል።

«ሙክታር፣ ለቅዳሜ ይደርሳል?»

«ኢንሻላህ።»

«ኢንሻላህ ያልከኝ ይደርሳል ነው ወይስ አይደርስም?»

«አንቺ ደግሞ፣ እማማ ትርንጎ። በዚህ ሙቀት ቀለምም አይቸኩልም፣ እኔም አልቸኩልም።»

«እኔ እቸኩላለሁ።»

«አንቺማ ከተወለድሽ ጀምሮ ነው።»


8.

 

(ቀለሙ ይድረቅ። አትንኩ።)

 


9.

ገበያ ላይ የፕላስቲክ ቁልቋል ታጣ። ሶስና ከጎረቤት አጥር ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ ጣሳ ውስጥ ተክላ፣ የኤልዳና አልጋ ራስጌ አቆመችው።

ትርንጎ ከበሩ ሳታልፍ አየችው።

«ይሄ ወተት አለው። ዓይን ያጠፋል። የአሜሪካዊቷ ሌላ ነው፤ የሷን ቢቆርጡት ውሃ ነው የሚወጣው።»

«ቁርጡን በላስቲክ አስሬዋለሁ እኮ።»

«ልጅ ደግሞ የታሰረ ስታይ አትፈታም? አንቺ በሷ ዕድሜ ያልፈታሽው ነገር ነበር?»

ቁልቋሉን በጨርቅ ጠቅልላ ራሷ አወጣችው። እጇን በሳሙና ታጠበች። ተመልሳ ጣሳውን አጠበችው። ከዚያ እጇን እንደገና።


10.

ኤልዳና ከጨዋታ ስትመለስ የባሕር ቀለም በተቀባው በር ላይ ቆመች። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«አሳው የት ሄደ?»

«የምን አሳ?» አለች ትርንጎ።

«አልጋዬ አጠገብ ጣውላው ላይ የነበረው። የእንጨቱ ጉጥ ዓይኑ ነበር።»

ትርንጎ በዚያ ቤት ስትኖር አሳውን አንድ ቀን አይታው አታውቅም።

ልጅቷ የአያቷን ፊት አየች። ፊቷ ላይ ያየችውን እግዜር ይወቅ፣ ወዲያው «ያምራል ግን። በጣም ያምራል» አለች፤ ልክ ሰው ቤት የማይወደው ምግብ እንደቀረበለት ትልቅ ሰው።

ላታሳዝናት ብላ ነው። ትርንጎ ይህን ስላወቀች ተናደደች። በማን እንደተናደደች ብትጠይቋት አታውቅም።


11.

ስለ መስኮቱ

የድሬ ቤት በጠዋት ይዘጋል። ፀሐይ ሳትበረታ የእንጨት መዝጊያው ይጠረቀማል፤ ክፍሉ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዞ እስከ ማታ ይቆያል። ይህን ማንም ለማንም አያስተምርም። ሶስናም ታውቀዋለች። ግን ስልኳ «ብርሃን የሚከለክል ነገር ሁሉ» ብሏል፣ ወንድሟም «ጨለማ» ብሏል። ስለዚህ መዝጊያዎቹን ከማጠፊያቸው ነቅላ ጓሮ አወጣቻቸው፤ በቦታቸው ስስ ነጭ መጋረጃ ሰቀለች።

ትርንጎ አየች። ለቅዳሜ ብቻ ነው ብላ ዝም አለች። ለወትሮው ዝም የማትል ሴት ናት፤ እዚህ ጋ ዝም ባትል ኖሮ የምጽፈው አይኖረኝም ነበር።


12.

ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ።

ሰይፈ፦ እንደምን ዋሉ፣ እማ?

ትርንጎ፦ ዋሉ? እንግዳ ሆንኩብህ?

ሰይፈ፦ ለምዶብኝ ነው።

ሶስና፦ ግባና እይ። ግባ።

ሰይፈ፦ (ገብቶ) ኧረ። ይሄ ያ ክፍል ነው? ቆንጆ ነው። ኤልዱ፣ ነይ እስቲ ሳሚኝ።

(ኤልዳና ሳመችው። ተመልሳ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ቆመች።)

አልጋው ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ በመጋረጃው ውስጥ ገብታ የሸክላውን ግድግዳ መታችው፤ ግድግዳው ሙቀቱን ወደሱ መለሰው። ቬንትሌተሩ ተከፈተለት። የጋለ አየር አመጣለት። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጠፈ። ኮሌታውን ፈታ። ሌላ ቁልፍ ፈታ።

ሞቀው።

«እማ፣ ይሄማ ዳቦ ቤት ነው። ልጅ እዚህ ውስጥ ትተኛለች?»

ትርንጎ መልስ ከመስጠቷ በፊት ነጠላዋን አስተካከለች።

«ጨለማ ነው አልክ፣ አበራነው። አሁን ደግሞ ሞቀ። ቀጥሎ የሚመጣውን ከወዲሁ ንገረኝና ሙክታር ሳይሄድ አንድ ላይ ልጨርሰው።»


13.

ስለ መስኮቱ

መዝጊያዎቹ ጓሮ ተገኙ፤ ሙክታር ቀለም ሲያቀላቅልባቸው ከርሞ ዥጉርጉር ሆነዋል። ሰይፈ ራሱ ተሸክሞ አስገባቸው። ሶስና ማጠፊያውን ያዘችለት፣ እየተነጫነጨች። አንዱን መለሱ። ሌላውን መለሱ። ተጠረቀመ።

ሸክላው ጠፋ። ባሕሩ ጠፋ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ምንጣፍ ጠፋ። ያ ሁሉ ልፋት።

ጨለማ።


14.

ሰይፈ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ በጫማው እንደተጋደመ እንቅልፍ ወሰደው። ትርንጎ ጫማውን ፈታችለት፤ ይህንንም እየተናደደች።

ሲነቃ እናቱ እግሩ ሥር ተቀምጣለች።

«ከዚህ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አለ። «አንቺ፣ ውሃ አለ?»

አንቺ አላት። ሰማችው፤ አልነገረችውም። ውሃ ሰጠችው።

«እማ፣ ጨለማው አልነበረም።»

«እና ምን ነበር?»

«ልጄ ስታየኝ ትቆማለች። እንግዳ እንደመጣ ነው የምትቆመው። አሁንም አይተሻል። ካልወሰድኳት እንደዚሁ ቆማ ታድጋለች።»

«ይህን በስልክ ብትለኝ ኖሮ ሙክታርን አልጠራም ነበር።»

ሰይፈ ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። «ልውሰዳት ወይስ ልተዋት? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።»

የትርንጎ መልስ ከከንፈሯ ደርሶ ነበር። ስምንት ዓመት የተዘጋጀ መልስ ነው። ተዋት፣ ልትል ነው። ከዚያ ኤልዳና በሩ ላይ ቆማ «ያምራል» ስትል ታያት።

ዋጠችው።

«እሷን ጠይቃት። እኔ ባለሁበት ግን አይደለም። ፊቴን እያየች ነው የምትመልሰው፤ ፊቴ ደግሞ አያርፍም። ሶስናም ትውጣ።»

ኤልዳናን ጠርታ አስገባቻት። ፀጉሯን ዳሰሰችና «አባትሽ የሚጠይቅሽን የልብሽን መልሺለት። የኔን አይደለም፣ የልብሽን» አለቻት።

በሩን ከውጭ ዘጋችው።


15.

ግቢው ውስጥ ፀሐይ ነው። ከቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም።

«ጠጋ ብንልስ?» አለች ሶስና።

«ዝም በይ።»

«እማ፣ አንድ ቃል ብቻ።»

ትርንጎ ወደ ቧንቧው ሄዳ እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ውሃው ባልዲው ውስጥ እየጮኸ ወረደ። ባልዲው ሞላ። ፈሰሰ። ድሬ ውስጥ ውሃ እንዲህ አይፈስም፤ ሶስና አየችው፣ እናቷን አየቻት።

በሩ ተከፈተ።

ኤልዳና ወጣች። ከጨለማ ስለመጣች በእጇ ዓይኗን ከለለች፤ ፊቷ አይታይም። በባዶ እግሯ የጋለውን ሲሚንቶ እየዘለለች መጣች። ቧንቧውን ዘጋችው። የአያቷን እርጥብ እጅ ያዘች።


16.

ኤልዳና፦ (የልቧን መልሳለች። አትጠይቁ።)