ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?

ወንድሜ አምባቸው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር መረብ ሰርቀሃል ተብሎ ከደቅ ደሴት ታስሮ ባሕር ዳር ሲመጣ ሳቄ ነው የመጣው። ያ ሰው እንኳን መረብ ሊሰርቅ፣ መንገድ ላይ ሎሚ ወድቆ ቢያገኝ የማን ነው እያለ መንደሩን ሲያስስ የሚውል ነው። መረቡ በጠፋ ሰዓት ደግሞ ሲያስቀድስ ነበር። ቀዳሹ ቄስ ዓምደ ሚካኤል ይህንኑ ሊመሰክሩለት በቀጠሮው ቀን ሐይቁን ተሻግረው መጡና ከችሎቱ ደጅ ተቀመጡ።

ጠበቃ አልነበረውም። ስንቅ ሳቀብለው የመከርኩት እኔው ነኝ፤ ዳኛው የሚጠይቁህን ሳትፈራ መልስ አልኩት። እኔ የፋብሪካ ክር ፈታይ፣ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ዳኛው ክሱን አነበቡ። መከላከል መብትህ ነው የሚለውን ግን እንደሚቸኩል ሰው አነብንበው አለፉት። ከዚያ ቀና አሉ።

«ታምናለህ ወይስ ትክዳለህ?»

የአምባቸው ፊት ሲለወጥ አየሁ። በዚያው ዓመት ካድሬዎች ደሴቱ ድረስ ሄደው ሕዝቡን እየሰበሰቡ ሃይማኖታችሁን ተዉ ሲሉ ከርመዋል። ወንድሜ ይህች ጥያቄ አንድ ቀን እንደማትቀርለት ያውቅ ነበር። አማተበ።

«አምናለሁ» አለ። «አንገቴን ብትቆርጡት አልክድም።»

ዳኛው ለአፍታ አዩት። ወዲያው ግን ተከሳሹ ስላመነ ምስክር መስማት አያስፈልግም ብለው አስጻፉ። ብድግ ብዬ፣ ጌታዬ፣ ሃይማኖቱን የጠየቁት መስሎት ነው ስል ፖሊሱ ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ሰውን ስርቆቱን በእምነትና በክህደት የሚጠይቅ ቋንቋ ማን እንዳመጣው እንጃ፤ በንዴት አለቀስኩ። ቄስ ዓምደ ሚካኤል ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ተነሡና ተራቸው ደርሶ እንደሆነ ጠየቁኝ።

ሦስት ዓመት ፈረዱበት። እጁን በካቴና ታስሮ ሲወጣ ፊቱ ፈክቷል።

«እትዬ፣ አልካድሁም» አለኝ። «ለእናታችን ንገሪልኝ።»

እውነቱን ብነግረው ሦስቱን ዓመት በገዛ አፉ ሌባ ሆኖ ሊታሰር ነው። ፖሊሱ እየገፋው ነበር።

«እንኳንም አልካድህ» አልኩት።