ድምፁ ሲጣፍጥ

ባሌ ሬዲዮ ላይ ዜና ያነባል። የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ «ጋሼ ዜና» ነው የሚለው፤ እሱ ያላነበበው ነገር እንዳልሆነ ይቆጠራል። እኔ ግን እቤት ሲያወራ ግማሹን ቃል የሚውጠውን፣ ሲዋሽ ድምፁ የሚጣፍጠውን ሰውዬ ነው የማውቀው። የጋብቻ ቀለበቱን የጣለ ጊዜ «ለማጥበብ ወርቅ ሠሪው ጋ ሰጥቼው ነው» ያለኝ ማር በሆነ ድምፅ ነበር። ወርቅ ሠሪው ጋ ሄጄ ጠየቅኩ፤ ቀለበት የሚባል ነገር አላየም። ከዚያ ወዲህ ድምፁ በጣፈጠ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል። እናቱ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ «አንቺ እኮ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ» ይሉኛል። ይበሉ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር» ያለው ሰው የኔ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም።

ሰሞኑን የቧንቧው ውሃ ብረት ብረት ይላል። ገበያ የወጣ ሁሉ ወሬ ይዞ ይመለሳል፤ ከወንዙ ራስጌ ያለው ፋብሪካ አንድ ነገር ለቆበታል፣ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል እያሉ። እኔ ወሬው እስኪጣራ አልጠበቅኩም፤ የታሸገ ውሃ ገዝቼ ከስፌት መኪናዬ ሥር ደረደርኩ። አሁን ሱቆቹ ውስጥ የለም፤ የኔም አልቆ አንድ ጠርሙስ፣ እሱም ከግማሽ በታች ቀርቷል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እኛ ዘንድ ሁለቱም ቸግረዋል።

የምሳ ሰዓቱ ዜና ሲደርስ ፊት ለፊታችን ያለችው አራስ ልጇን አቅፋ መጣች። ጡቷ ወተት እምቢ ብሏት ሕፃኑ የሚያድገው በዱቄት ወተት ነው፤ ዱቄቱን የምትበጠብጥበት ውሃ ግን የላትም።

«እትዬ፣ ጋሼ ስለ ውሃው ዛሬ ያነባሉ አሉ። ከእሳቸው ልስማው ብዬ ነው።»

አማቴ ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት። እኔ መጋረጃ እየሰፋሁ ነበር። እንግዳ መጣ፣ መንገድ ተመረቀ፣ ሚኒስትሩ አሳሰቡ፤ ባሌ ይህን ሁሉ እንደ ደረቅ ዳቦ እየቆረሰ አለፈው። ከዚያ «በከተማው የሚሠራጨው የቧንቧ ውሃ ተመርምሮ ለጤና የማያሰጋ መሆኑ ተረጋግጧል» አለ፤ ድምፁ ጣፈጠ። እግሬ የስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቀረ።

«ተመስገን» አለች አራሷ። «ጋሼ ካሉማ አለቀ።»

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት።

«ለምን?»

ምን ልበላት? ባሌ ሲዋሽ ድምፁ ያምራል ልበል፣ እናቱ አፌን እያዩ? «እሱ ራሱ ይምጣና እንጠይቀው» ብዬ የቀረችኝን ውሃ ሰጠኋት። ዱቄቱን በጥብጣበት ብትሰጠው ሕፃኑ ሳይጠግብ ጨረሰውና ማልቀስ ጀመረ።

ባሌ ለምሳ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ሞልቼ ፊቱ አቀረብኩለት። አራሷ በሩ ላይ ቆማለች። ብርጭቆውን አየ፤ እኔን አየ። አንስቶ እስከ መጨረሻው ጠጣውና አፉን ጠረገ።

«ጠምቶኝ ነበር» አለ።

አፈርኩ፤ እንዲያውም ከማፈርም አልፎ ራሴን ጠላሁ። ስንት ዓመት አብሬው ኖሬ እንደ ሌባ ስጠብቀው። አማቴ «አየሽ?» በሚል ዓይን ገረመሙኝ። አራሷ «በሉ እኔ ወተቱን ላዘጋጅ፣ ልጄ በረሃብ ሞተ» ብላ ወደ ቤቷ ገባች። እኔም ምሳ ማቅረብ ጀመርኩ።

ልጃችን ሚጢ ከትምህርት ቤት የገባችው ያኔ ነው። ቦርሳዋን ወርውራ ኩባያዋን ከቧንቧው ሥር ደቀነች። ባሌ ወንበሩን ገልብጦ ተነሳ፤ ኩባያው ከእጇ ተመትቶ ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ከዚህ እንዳትጠጪ አላልኩሽም?»

«ረሳሁት አባዬ» አለች ሚጢ፣ እጇን እያሸች።

መቼ ነው ያላት? ለእሷ ነግሮ ለእኔ ያልነገረኝ ለምንድን ነው? ጥያቄው ከአፌ አልወጣም፤ ከፊቴ ላይ ግን አነበበው።

«አንቺ አፍሽ አያርፍም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጎረቤቱ ሁሉ በሰማ ነበር። የዜናውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።»

«የጠጣኸውስ?»

«አነበብኩት። መጠጣቱም የኔ ዕዳ ነው።»

«ያችስ አራስ? ያመነችው እኮ ወረቀቱን አይደለም፣ አንተን ነው።»

«ብነግራት ነገ ሕንፃው በሙሉ ይሰማል። ከሥራ ያባርሩኛል።» ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ አፏን እንድትይዝ አንቺ እንኳን ንገሪያት።»

አማቴ ሬዲዮኑን አጠፉት። ያን ጊዜ ነው የሕፃኑ ለቅሶ ጎልቶ የተሰማን፤ ከኮሪደሩ ማዶ፣ ከአራሷ ቤት። አራታችንም ቆመን አዳመጥን።

ከዚያ ሕፃኑ ዝም አለ፤ ጡጦው አፉ ውስጥ ሲገባ ዝም እንደሚል።

ባሌ ጫማውን ሳያደርግ በሩን በርግዶ ወጣ። «አታጠጪው!» እያለ የአራሷን በር በሁለት እጁ ሲደበድብ የየፎቁ በር መከፈት ጀመረ።